ከባሕር ወለል በላይ

ሠላሳ አንድ ዓመት ዝናብ ስሰፍር፣
ከኮምቦልቻ ሜዳ፣ ከሽቦው አጥር ሥር፣
ጠዋት ሦስት ሰዓት ከጣሳው ቀድቼ፣
በሚሊ ሜትር ልክ ሰማይን ለክቼ፣
ቅጽ ስሞላ ኖርሁ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ነፋስ፣
ከገጹ አናት እስከ ግርጌው ድረስ።

አንዲቱን መስመር ግን፣ የማትለወጠውን፣
"ከባሕር ወለል በላይ" የምትለውን፣
ስንት ሺህ ጊዜ ጻፍኋት? አላውቅም።
ባሕሩን ግን አላየሁትም።
ከየት ከፍ እንዳልሁ መነሻውን ሳላውቅ
ከፍ ብዬ ኖርሁ፣ ጡረታ ስጠብቅ።
አውሮፕላኑ ሲነሣ ነፋሱን ነጋሪው እኔ ነበርሁ፤
አንድ ቀን አልተሳፈርሁ።

ባለፈው ሰኔ ወጣሁ። ለሙሂባ ነገርኋት፦
"ዜሮን ሄጄ ልያት፤
ሁሉም ከሷ ነው የተቆጠረው።"
"ዜሮን?" አለች፤ "ኪሳችን ውስጥ ያለው
ምን ሊሆን ነው ታዲያ?"
ሳቀች። ከዚያ ግን መነጽሯን አንሥታ፣
የዘይት ደረሰኝ ጀርባውን ዘርግታ፣
"ዛንዚባር" ብላ ጻፈች፤ ከሥሩ "አራት ቀን"፣
ከሥሩ "ስንት ብር?" ከሥሩ ዝም አልን።

ቅዳሜ ሲሆን ሂክማ ከደሴ ትመጣለች፣
የሐረጎን ጉም በሚኒባስ ወርዳ፣
ሹራቧን በር ላይ አውልቃ እንደ ዕዳ፣
በስልኳ ታሳየናለች፦ አልጋው ይህን ያህል፣
ጀልባው ይህን ያህል፣
ቁርስ አለው፣ ምሳ ግን የለም፤
ያለ ቢጫ ወባ ካርድ ማንንም አያስገቡም።
"ዶላሩስ?" ትላለች እናቷ። ጸጥታ።
ዶላሩን ለነገ እናሳድራለን፣ እንደ ሌላው ማታ።

የኔ ድርሻ ወሩ ነው። "መጋቢት አይሆንም፤
እስከ ግንቦት ድረስ የዚያ ሰማይ ቧንቧው አይዘጋም።
ኅዳርም ካፊያ አለው።
ሐምሌ ይሁን፤ እዚህ ጭቃ፣ እዚያ ፀሐይ ነው።"
"ሐምሌ?" አለች ሙሂባ፣
"ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲውን ማን ይገልብጠው?"

ጣሪያው!
ሠላሳ አንድ ዓመት የሰማዩን ሰፍሬ
የሳሎኔን ጠብታ አልለካሁም እስከ ዛሬ።
ቆርቆሮው ስንት ነው? ደረሰኙ ላይ፣
ከጀልባው በታች፣ ከአልጋው በላይ፣
ጻፈችው። ጉዞው ሦስት ቀን ሆነ።
ምስማሩ ሲጨመር ግማሽ ቀን ባከነ።

እታለማሁ ጎረቤቴ ሰምታ መጣች፤
"ለጉልበቴ የባሕር ውሃ፣ በላስቲክ ጠርሙስ" አለች።
"አውሮፕላን ላይ አያሳልፉም" ብትላት ሂክማ፣
"ጨው አይደል? እስቲ አድርቃችሁ አምጡልኝማ!"

ሙሂባ የዋና ልብስ ሥዕሉን አይታ
ስልኩን ገለበጠችው፣ ጠረጴዛው ላይ ደፍታ።
"እኔ አልዋኝም። እግሬን ብቻ ነው፣ እስከ ቁርጭምጭሚቴ።
ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ከማሽኑ ፊት፣
ሃያ ስድስት ዓመት ነው የቆምሁበት።
አንድ ቀን እንኳ
ውሃ ይደግፈው።"
ይህን ደረሰኙ ላይ አልጻፍነውም። ዋጋ የለው።

ትናንት ሂክማ ደወለች። ትኬቱ ጨምሯል።
"ሁለት ቀን ይበቃል፤
ዜሮን አይቶ ለመመለስ ስንት ቀን ይፈጃል?"
አልኋት። እሷም መልሳ፣
"አባዬ፣ ሁለት ቀን እኮ ለመንገድም አይበቃ"
ብላ ስልኩን ዘጋች፣ ባንክ ቤት ሰልፍ ነበር።

ሌሊት መብራት ሄዶ፣
የበልጉ ዝናብ ባልዲው ላይ ሲንጠባጠብ፣
በሻማ ቅጽ አሰመርሁ፣ እንደ ድሮዬ፣ በደንብ፦
ጣቢያ፣ ዛንዚባር። ወር፣ ሐምሌ። ሰዓት፣ ጠዋት ሦስት።
ከባሕር ወለል በላይ...
እዚህ ላይ እርሳሴ ቆመች።
ሙሂባ ተኝታለች፤
ከብርድ ልብሱ ጫፍ
የተሰነጠቀ ተረከዟ ይታያል።
"በላይ"ን ሰርዤ "በታች" አልሁ፤
አንድ ቁርጭምጭሚት፣ ብዬ ጻፍሁ።